ሰባተኛው ክፋይ

ውጪው ሃያ ሰባት፣ ከዜሮ በታች፤
የካያኒ ወንዝ በረዶ ለብሳ ተኛች።
አባቴ ወረቀት ሲጠቀልል ያረጀበት፣
ሦስት ቁጥር ማሽን ቀን ከሌት ያጓራበት፣
የተቀቀለ እንጨት ሽታው ከጡቡ ሳይወጣ፣
ሰርቨር የሚሉት ከብት በረቱን ሊሞላ መጣ።

አንዱን ትልቅ ብረት ለሰባት ከፍለነዋል፤
አጥር የለው፣ ግንብ የለው፣ ድንበሩን ግን ያውቃል፤
ጎረቤት ከጎረቤት እሳት አይጫጫርም፣
የአንዱ ጣሪያ ቢነድ ሌላው አይጠረጥርም።
ስድስቱ ነፍስ ዘርተዋል፤ ሰባተኛው ገና፣
ሥጋ ብቻ ሆኖ፣ ያለ አንዳች ልቦና፣
ይጠብቃል ከእኔ ሥርዓተ ክወና።
ንጋት አሥራ ሁለት፣ ሆስፒታሉ ሲነቃ፣
የደም ምርመራው መዝገብ ይጫናል በሱ ጫንቃ።

ዱሮ ቢሆን ዲስክ ይዤ ስሮጥ ነበር፣
አንዱን ዘግቼ ስከፍት ሌላውን በር፤
አሁን በኔትወርክ ነው፤ ከወንበሬ ሳልነሣ፣
በኬብል ነፍስ ልኬ አስነሣለሁ ሬሳ።
ሬሳ ማለቴ ስሕተት፤ ሬሳ እኮ ኖሯል፤
ይኼኛው ገና ነው፣ ከደጅ ቆሟል።

ሲቀሰቀስ መጀመሪያ የሚያውቀው አንድ ጩኸት፦
«ማነኝ? ስሜ ማነው? አድራሻዬስ የት?»
ለሁሉም ይጮኻል፣ ማን እንዳለ ሳያውቅ፣
ባዶውን ጨለማ ሲጣራ ሳይሳቀቅ።
ጌታው ሰርቨር ሰምቶ ዝርዝር ያገላብጣል፣
በዝርዝሩ ካለ ስም፣ ቤት፣ መንገድ ይሰጣል፤
ከሌለ ዝም ይላል፤ ዝምታው ክፋት የለው፣
ያልተጻፈን እንግዳ አላውቅህም ማለት ነው።

ላክኩ። ጠበቅኩ። ዝም። ደግሜ ላክኩ። ዝም።
ፒንግ ብዬ ሞከርኩት፤ መስመሩስ አልታመም።
ሦስት ጊዜ። አምስት ጊዜ። ስክሪኑ ላይ ያው ቃል፣
«መልስ አልተገኘም» ይልና ይጠፋል።
ስምንት ሰዓት ተኩል። ቴርሞሱ ተሟጠጠ፣
ፀጉሬን ስጎትት ስክሪኑ አፈጠጠ።
ኬብሉን ረገምኩ፣ ስዊቹን ጠረጠርኩ፣
ወለሉን አንሥቼ ገመድ ለገመድ ዳበስኩ።

ልጅ ሳለሁ ሰፈሩ በጫጫታ አይባንንም፤
ማሽኑ ዝም ካለ ግን አንድ ሰው አይተኛም።
አባቴ ጫማውን ሳያስር ሲሮጥ ትዝ ይለኛል፤
ዝምታን መፍራቱን ሳልወርሰው አልቀረሁም፣ ይመስለኛል።

ከዚያ ኦይቫ ታወሰኝ። ባለፈው ኅዳር ወር
ጡረታ ሲወጣ የተወልኝ ደብተር፤
የየክፋዩን አድራሻ፣ አሥራ ሁለት ፊደል፣
በእርሳስ ጽፎት ነበር፤ እጁ ግን ደህና አይደል።
ሰባተኛውን መስመር ከመብራት አስጠጋሁ፤
ዘጠነኛዋን ምልክት አየሁ፣ ደግሜ አየሁ።
እኔ «ስምንት» ብዬ የመዘገብኳት ቁጥር፣
ለካስ ጀርባዋ ቀጥ ያለ «ቢ» ነች፤ ትስቅብኝ ነበር።
የአንዲት ፊደል ጀርባ ጎብጦ ስለታየኝ፣
ልጁ ደጅ ቆሞ ነበር፣ ስሙን እየጠየቀኝ።

አረምኩት። ቀሰቀስኩት። ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።
«ማነኝ?» ሲል፣ «አንተ ነህ!» የሚል መልስ አየሁ።
ከዚያማ ጎረፈ፣ ፋይል ፋይሉን አስከትሎ፣
አሥር በመቶ፣ አርባ፣ ስልሳ ላይ ትንሽ ውሎ፤
ስልሳ ላይ ሁሌም ይቆማል፣ ለምን እንደሆን አላውቅም፤
ኦይቫ «ተይው፣ ይተንፍስ» ይል ነበር፤ አልነካሁትም።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ጨረሰ፣
ራሱን አጥፍቶ ብቻውን ተመለሰ፤
ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጭረት ብልጭ ድርግም፣
«ማነኝ?» ሲል ያደረው አላፈረም፣ አልደከመም፣
ዞሮ እኔን ጠየቀኝ፦ «የተጠቃሚ ስም?»

ሲርካ ብዬ ጻፍኩ።
ለኦይቫም ላክኩለት፦ «ቢህ እኮ ስምንት ትመስላለች።»
ሽማግሌው አልተኛም፤ መልሱ ወዲያው መጣ፦
«እጄ ነው። ይቅርታ።
ስልሳ ላይ ቆመ?»
«ቆመ።»